የካፒታኑ እንጉዳይ

አስተርጓሚው ሙላቴ የሞተው በፍልሰታ ጾም ነው፤ ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል። ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሦስተኛው ክረምት ነበር። ሬሳው የተገኘው ካፒታን ቤርቶሊ በሚኖርበት ግቢ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ በጎተራውና በአጥሩ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ነው። ጀርባው እንደ ደጋን ተለጥጧል፤ ጥርሱ ገጥሟል፤ በሁለት እጁ ጭቃ ጨብጧል። ከአንድ ሰዓት በፊት ከካፒታኑ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ሲያስተረጉም የነበረ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው እንግዲህ።

የካፒታኑ ምሳ በዚያ ቀን እንጉዳይ ነበር፤ በደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ በዘይት የተጠበሰ እንጉዳይ። አገሬው ይህን ሲሰማ ሌላ አልጠየቀም። በፋርጣ ምድር ብዙው ሰው እንጉዳይን የሚጠራው የጅብ ጥላ ብሎ ነው፤ የጅብ ጥላ የበላ ሰው ቢሞት ምኑ ይደንቃል? ወጥ ቤቷ ጥሩወርቅ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተይዛ መጋዘን ተቆለፈባት። እሷ ደግሞ የሟቹ ታላቅ እህት ናት። የገዛ ወንድሟን ገደለች ብሎ ማመን ለሰው ከብዶት ነበር፤ ለካፒታኑ ግን አልከበደውም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ወታደሮች ባላምባራስ ፈንታሁንን ከቤታቸው ይዘዋቸው መጡ። ባላምባራስ ከጣሊያን በፊት ሃያ ዓመት የአውጫጭኝ ዳኛ ነበሩ። ወንጀል ሲሠራ የአገሩን ሰው ሰብስበው፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሸንጎውን የማይበትኑ ዳኛ ማለት ነው። በሥራቸው የተመሰገኑ ናቸው፤ በጠባያቸው ግን ማንም አመስግኗቸው አያውቅም። ክረምት ሲገባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ውሸት ሲሰሙ ደግሞ ሁለመናቸውን ያማቸዋል። ጣሊያን ሹመት ቢሰጣቸው እምቢ ብለው ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። አሁን ከደጃፉ ቆሞ የሚያያቸው ሁሉ «ባላምባራስም ለጣሊያን ገቡ» እያለ ሲያማቸው እየሰሙ፣ በጭቃው እየተንሸራተቱ፣ ካፒታኑ ፊት ቀረቡ።

የመጀመሪያው ጣጣ አስተርጓሚ መጥፋቱ ነው፤ አስተርጓሚው ሞቷላ! በምትኩ የተጠራው ይማም የሚባል ነጋዴ ነበር። ለግቢው ዘይትና እንቁላል ያቀርባል፤ በወጣትነቱ ምፅዋ ወርዶ ጣሊያንኛ ለቃቅሟል። ረቡዕ ዕለት ዘይት ይዞ ወጥ ቤት የገባውም ይኸው ይማም ነው። ስለዚህ ተጠርጣሪው የራሱን ምርመራ ሊያስተረጉም ነው።

ካፒታኑ የሚለው አጭር ነበር። መርዙ የተሰናዳው ለእሱ ነው፤ ሙላቴ በአጋጣሚ ደረሰበት፤ ወጥ ቤቷ ዓርብ ስድስት ሰዓት ገበያ መካከል ትሰቀላለች። ከባላምባራስ የሚፈልገው ከኋላዋ ያለውን ሰው ስም ብቻ ነው።

«እውነተኛውን ጥፋተኛ ከዚያ በፊት ባወጣለትስ፣ ሴትዮዋን ይለቃታል ወይ? በለው» አሉ ባላምባራስ።

ካፒታኑ ትከሻውን ሰበቀ። ይለቃታል።

ስለ እንጉዳዩ ሲጠየቅ ግን ሌላ ሰው ሆነ፤ ቁጭ ብሎ በእጁ እያሳየ ያስረዳ ጀመር። እንጉዳይ ውሃ አይነካውም፤ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። መጀመሪያ በስንዴ ዱቄት ይንከባለላል፤ ቀጥሎ በተመታ እንቁላል ይነከራል፤ ከዚያ የደረቀ የፉርኖ ዳቦ ተወቅጦ ይለበጥበታል፤ ዘይቱ በደንብ ሳይግል አይገባም። እንቁላሉ ሙጫ ነው፤ ያለ እሱ ፍርፋሪው ዘይት ውስጥ ይረግፋል። ሁለቱን እንቁላሎች ሁልጊዜ ራሱ ሰብሮ፣ ራሱ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ ይመታል፤ በዚህ አገር እንቁላል መምታት የምታውቅ ሴት የለችም ይላል። ረቡዕም መትቶ፣ ጎድጓዳ ሳህኑን ለጥሩወርቅ ትቶላት ወጣ። እንጉዳይ ስብ የሌለው ሥጋ ነው፣ ደምን ያበረታል፣ መሬቱ በነፃ የሚያበቅለውን ሥጋ ይህ ሕዝብ ለጅብ ይተወዋል እያለም ተናደደ። ይማም ይህንን ሲያስተረጉም የባላምባራስን ፊት ማየት አልደፈረም።

«ስንት በላ?»

«አሥራ አራት።»

«ሙላቴስ?»

«ሁለት ተሰጠው። ሙላቴ ደረቱን ያመው ነበር፤ ካፒታኑ ‹ያጠነክርሃል› ብሎ ከራሱ ሳህን አንስቶ ሰጠው።»

«አሥራ አራት የበላው ቆሟል፤ ሁለት የተሰጠው ወድቋል» አሉ ባላምባራስ። «ይህን አትተርጉምለት። ለራሴ ነው።»

ከዚያ ወጥ ቤቱን አዩ። ምድጃው አመድ ውስጥ የሁለት እንቁላል ቅርፊት አለ። መደርደሪያው ላይ ከጨው ብልቃጡ ጎን ሌላ ነጭ ዱቄት የያዘ ብልቃጥ ተቀምጧል፤ የጅብ መርዝ ነው፤ ያስቀመጠው ካፒታኑ ነው። ባላምባራስ አንስተው አገላበጡት። የመክደኛው ሰም አልተነካም። መርዙ ግን ከዚህ ብልቃጥ ብቻ አይገኝም። ባለፈው ወር ካፒታኑ ለበቅሎዎቹ ሲል በጥቅል በጥቅል ለሰፈሩ ሁሉ አድሎታል፤ ለበቅሎ ጠባቂውም፣ ለይማም ሱቅም፣ እንጉዳይ ለምታመጣው ለእቴነሽ የበግ ጋጣም። የሰፈሩ ውሾች ያን ሰሞን ጀርባቸው እንደ ደጋን እየተለጠጠ ነበር የሞቱት።

ሬሳው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲገነዝ ደረሱ። የሟቹ የነፍስ አባት መምሬ ሙሉ ልብሱን አስረከቧቸው። ባላምባራስ የኮቱን ኪስ ሲፈትሹ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር እጃቸው ገባ። ሁለት የተጠበሱ እንጉዳዮች ናቸው። አልተነከሱም።

አንዱን ለሁለት ከፈሉት። በፍርፋሪውና በእንጉዳዩ መካከል የሚያብረቀርቅ ቡናማ ነቁጥ ይታያል። ባላምባራስ በጥፍራቸው ፈቀፈቁት፣ ወደ ብርሃን አደረጉት፣ አሸተቱት። ተልባ ነው። የተልባ ውሃ እንደ እንቁላል ይሙለጨለጫል፤ ፍርፋሪም ይይዛል። እንቁላል ግን የለበትም።

መምሬ ሙሉ አልገባቸውም። ባላምባራስም አላስረዷቸውም። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቁና፣ የጾሙ ሰዓት ሲደርስ ያልተከፈለውን እንጉዳይ ቄሱ እያዩ ዋጥ አደረጉት። ቀዝቅዞም ቢሆን ጣዕሙ ክፉ አልነበረም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አበሳጫቸው። ካፒታኑ በአንድ ነገር እንኳ ልክ እንዲሆን አልፈለጉም ነበር።

እንግዲህ እንጉዳዩ ሙላቴን አልገደለውም፤ የጅብ ጥላ ተጠይፎ አልበላውምና። ጥያቄው ሌላ ሆነ። ካፒታኑ በገዛ እጁ የሰበራቸው ሁለት እንቁላሎች እንጉዳዩ ላይ ከሌሉ የት ገቡ?

ጥሩወርቅን መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኟት። አላለቀሰችም። ስለ ተልባው ስትጠየቅ አልካደችም። ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጨው በዛ ብሎ ካፒታኑ በጥፊ መትቷታል። ወጥ ቤት ሳይቀምስ ጨው እንዴት ይለካል? እንቁላል የነካውን ደግሞ በፍልሰታ ሕፃን እንኳ አይቀምስም። ስለዚህ ዘንድሮ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ፣ ካፒታኑ መትቶ ሲወጣ፣ እንቁላሉን ገለል አድርጋ በተልባ ትለብጣለች፤ ትቀምሳለች፤ ታቀርባለች። ካፒታኑ አላወቀም። እንዲያውም ዘንድሮ ይበልጥ ይንኮሻኮሻል ብሎ አመስግኗታል። ተልባውን በድብቅ የምታመጣላት እቴነሽ ናት፤ ከሁለቱ ሌላ የሚያውቅ የለም።

«እንቁላሉንስ?» አሏት።

«ደፋሁት።»

«በየጊዜው?»

«በየጊዜው።»

«አንቺ ልጅ፣ ነገ በስድስት ሰዓት ሊሰቅሉሽ ነው እኮ! የማን ሚስጥር ነው እንዲህ አንገት የሚያስከፍለው?»

ባላምባራስ ተቆጧት፣ ለመኗት፣ ደግሞ ተቆጧት። ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች። ሲወጡ በሩን በከዘራቸው መቱት፤ በሩ ምን በደለ?

እቴነሽ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ነጎድጓድ ካጉረመረመ በኋላ በገሳይ በኩል ካለው የግጦሽ መስክ እንጉዳይ ለቅማ ታመጣለች። ጥሩውን ከመጥፎው ስትለይ ማንንም አትጠይቅም። ረቡዕ ዕለት ወጥ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጥታ እንጉዳይ ትጠርግ ነበር። ካፒታኑ እንቁላሉን መትቶ ወጣ፤ ጥሩወርቅ ዳቦ ልትወቅጥ ወደ ጓሮ ሄደች። በዚያ መካከል ሁለት ሰው ብቻ ገብቶ ወጣ፤ ይማም ዘይት ይዞ፣ በቅሎ ጠባቂው ወርቁ እንጨት ይዞ። ማንም አልቆየም። ሰው የሚያስጠረጥር ነገር አየሽ ወይ ቢሏት፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ካፒታኑን ለመግደል ምክንያት የሌለው ሰው በዚህ አገር ካለ እንዲያሳዩዋት ጠየቀቻቸው። እውነቷን ነው። የእሷን ቤት አቃጥሏል፤ የይማምን ሦስት በቅሎዎች ወስዷል፤ የወርቁን ታላቅ ወንድም ጣራው ውስጥ ጠመንጃ ተገኘ ብሎ ሰቅሏል። በቀሉን እየተከተሉ ጥፋተኛ ለመፈለግ ቢሞከር የአውራጃው ሕዝብ በሙሉ ይታሰራል።

ይማም ራሱ ሲጠየቅ ላብ አሰጠመው። ዘይቱን አስቀምጦ ወጣ፤ ሌላ አያውቅም። ልጁ ሶፊያ በዚያው ግቢ ልብስ ታጥባለች፤ በጾም ጊዜ ክርስቲያኖቹ የማይነኩት ትርፍራፊ ሁሉ የሚሰጠው ለእሷ ነው። ይህን የተናገረው እንዲያው ለቅሬታ ነው፤ አሁን ግን ለምን አይሰጧትም፣ እንቁላሉ ነሐሴ ከገባ ወዲህ አልደረሳትም ብሎ። ባላምባራስ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። እንቁላሉ አልተደፋም፤ ለሶፊያም አልተሰጠም።

ወርቁን በበቅሎዎቹ ጋጣ አገኙት። ዓይኑ ቀልቷል። የሙላቴን መቃብር የቆፈረው እሱ ነው፤ መዳፉ ተልጧል። ሁለቱ በአንድ ቄስ እግር ሥር ፊደል የቆጠሩ፣ አብረው ለምነው የበሉ ጓደኛሞች ናቸው። ሙላቴ አስተርጓሚ ሲሆን ወርቁን ግቢው ውስጥ ያስቀጠረው፣ ጣሊያንኛም ቃል በቃል ያስተማረው ራሱ ነው። ወርቁ በጾም የታወቀ ሰው ነው፤ የፍልሰታን አሥራ አምስት ቀን ሳይጨልም ጥሬ እንኳ አይቆረጥምም። ጾም ገድፎ የሚበላውን ደግሞ ፊት ለፊት ይገሥጻል።

«እንጉዳይ ነው የገደለው» አለ። «አሥራ አራት በልቶ ያ ሰውዬ አልሞተም። ሁለት በልቶ የኔ ወንድም ሞተ። እግዜር ቀለደብኝ።»

«ቀለደብኝ?»

«ቀለደብን ማለቴ ነው። የሚቆጨኝ ደግሞ ባላምባራስ፣ እንቁላል የነካውን በፍልሰታ እንዴት በአፉ አደረገው? ሙላቴ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።»

ባላምባራስ በኪስ ስለተገኘው እንጉዳይ ሊነግሩት ከንፈራቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። ወደ ቤት ሲመለሱ ከራሳቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ሰዎች ሰምተዋቸዋል።

ያልጠየቁት አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ የጣሊያኑ ሐኪም። ይማምን አስከትለው ሄዱ። ሐኪሙ መዝገቡን ገልጦ ነገራቸው። ሙላቴ ደም ያስለው ነበር። ወተትና እንቁላል በየቀኑ እንዲበላ ታዟል፤ መራራ ኪኒንም ከምግቡ ጋር ይውጣል፤ ምሬቱን ለምዶት ምላሱ ጣዕም መለየት ትቷል ብሎ ያጫውተው ነበር። ባላምባራስ ይህን ገና በጠዋቱ መጠየቅ ይገባቸው ነበር፤ አሁን ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።

ወደ ጥሩወርቅ ተመለሱና አጠገቧ ተቀመጡ። ጉልበታቸው እንቢ እያለ ነው የተቀመጡት።

«ሙላቴ ነው የሚበላው» አሏት ቀስ ብለው። «እንቁላሉን ትጠብሺለታለሽ፤ ጎተራው ጥግ ተደብቆ ይበላል።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እግራቸው ላይ ወደቀች። ሙላቴ ዲያቆን ነበር፤ በፍልሰታ እንቁላል አፉ ውስጥ እንዳለ ሞተ ቢባል ቄሶቹ ፍትሐት ይከለክሉታል፤ ከቅጥሩ አውጥተው ይጥሉታል። ተዝካሩን ማን ይበላለታል?

«እኔን ይስቀሉኝ» አለች። «ወንድሜን ከመቃብሩ አታስወጡብኝ። በማርያም፣ ባላምባራስ፤ በጾሟ።»

ባላምባራስ ቃል አልገቡላትም። ቢገቡላት ትሞታለች፤ ባይገቡላት ደግሞ ከሞት የከፋ ነው የምትለው ይደርስባታል። በዕድሜ ዘመናቸው እንደዚያን ዕለት የተናደዱበት ቀን የለም፤ በማን እንደተናደዱ ግን ለይተው አላወቁትም።

ዓርብ ቡሄ ነበር። ካፒታኑ የጅራፍ ጩኸት ከጥይት አይለይም ብሎ ስለከለከለ የከተማው ልጆች ዝም ብለው ይዞራሉ። ባላምባራስ ማልደው ወጥ ቤት ገብተው ወጡ። አራት ሰዓት ላይ ከግቢው ፊት ካለው ሜዳ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ካፒታኑ ወንበር ላይ፣ ይማም ከጎኑ ቆሞ፣ ጥሩወርቅ እጇን ታስራ፣ እቴነሽና ወርቁ መሬት ላይ፣ መምሬ ሙሉና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዙሪያውን። ገመዱ ገበያው ላይ ከትናንት ጀምሮ ተንጠልጥሏል።

ባላምባራስ ይማምን «ንገረው እስክልህ አንድ ቃል እንዳትተረጉም» ብለው አስጠንቅቀውት ተነሡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሙላቴን እንጉዳይ አልገደለውም። የተሰጡት ሁለት እንጉዳዮች ሳይነከሱ ከኪሱ ወጥተዋል፤ መምሬ ሙሉ አይተዋል። አንዱን እኔ በልቼዋለሁ፤ ይኸው ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ወርቁ ከተቀመጠበት ቀና አለ።

«እንጉዳዩ በተልባ ነው የተለበጠው። ጥሩወርቅ ጨው ለመቅመስ ብላ፣ ጾሟን ላለመሻር። ሙላቴ የሞተው ደግሞ በጅብ መርዝ ነው፤ ውሾቻችሁ እንደሞቱት። መርዙ እንጉዳዩ ላይ ካልነበረ፣ ካፒታኑ በመታው እንቁላል ላይ ነበር። እዚህ ላይ መምሬ ሙሉን አንድ ነገር ልጠይቅ። ደም የሚያስለው ሰው፣ ሐኪም እንቁላል ብላ ቢለው፣ በፍልሰታ ቢበላ ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች?»

መምሬ ሙሉ ጥሩወርቅን አዩ። ገባቸው።

«ጾም ለጤነኛ ነው» አሉ። «ለታመመ የነፍስ አባቱ ይፈታለታል። ቢጠይቀኝ ያኔውኑ እፈታለት ነበር። ፍትሐቱንም የሚከለክለው የለም፤ እኔ አለሁ። ምነው ልጄ፣ ምነው ሳትጠይቁኝ?»

ጥሩወርቅ በታሰረ እጇ ፊቷን ሸፈነች። ሦስት ቀን አንገቷን የሰጠችለት ነገር ቄሱ በአንድ ቃል የሚፈቱት ነበር። ባላምባራስ እሷን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።

«እንቁላሉን የበላው ሙላቴ ነው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ለሕመሙ። መርዙን ግን ማንም ለሙላቴ አላሰበም። መርዙን ያደረገው ሰው እንቁላሉ በካፒታኑ እንጉዳይ ላይ እንደሚለበጥ ያውቃል፤ ተልባውን ግን አያውቅም። ስለዚህ ጥሩወርቅ አይደለችም፤ ተልባውን ያመጣችው እቴነሽም አይደለችም። ሁለቱም እንቁላሉ ካፒታኑ አፍ እንደማይደርስ ያውቃሉ። ይማም ገብቶ ነበር። የይማም ልጅ ግን የወጥ ቤቱን ትርፍ የምትበላ ናት፤ አባት ልጁ የምትቀምሰውን ሳህን አይመርዝም። ይህን ያደረገ ሰው በዚያ ግቢ ካለ ክርስቲያን ሁሉ ፍልሰታ ሳይፈታ እንቁላል የሚነካ የለም ብሎ በሙሉ ልቡ ያመነ ሰው ነው። ራሱ የማይነካ፣ ሌላውም የማይነካ የመሰለው። ከጣሊያኑ በቀር ማንም አይጎዳም ብሎ ነው ያደረገው። ጓደኛውንም እስከዚህች ሰዓት እንጉዳይ የገደለው ይመስለዋል።»

ወደ ወጥ ቤቱ ከገቡት ሁለት ሰዎች የቀረው አንድ ነው። የሁሉም ዓይን ወደ ወርቁ ዞረ። ወርቁ ግን ማንንም አያይም ነበር። የተላጠ መዳፉን እያየ ነው፤ መቃብር የቆፈረበትን።

ባላምባራስ ጊዜ አልሰጡም። «አሁን ለካፒታኑ የምንነግረው ይህ ነው» አሉ ፈጠን ብለው፤ «እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሰማው ይህን ብቻ ነው። የጅብ መርዙ ብልቃጥ ከጨው ብልቃጡ ጎን ተቀምጧል፤ ያስቀመጠው ራሱ ነው። እንቁላሉ ላይ ጨው የነሰነሰውም ራሱ ነው። ተሳስቶ ነሰነሰ። ከሞት ያዳነችው የጥሩወርቅ ተልባ ናት። ሰሙ ተነሥቷል፤ ይሂድና ይየው።»

ሰሙን ማልደው በጥፍራቸው ያነሡት ራሳቸው ናቸው። ሃያ ዓመት በዳኝነት ሲቀመጡ አንድ ቀን ሐሰት ፈርደው አያውቁም፤ ዛሬ ግን ቆርጠው መጥተዋል። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ነቀነቁ። እቴነሽም ነቀነቀች። ሁሉም ሊተርፍ ነው። ባላምባራስ ወደ ይማም ዞረው «ንገረው» አሉት።

ይማም አፉን ሲከፍት ወርቁ ተነሣ። ካፒታኑ ፊት ሄዶ ቆመና የተላጠ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ኢዮ» አለ። እኔ ማለት ነው። ከሙላቴ የተማረው ቃል ነው። «ኢዮ፣ ካፒታኖ። ሙላቴ፣ ኢዮ።»

ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ባላምባራስ «ተው፣ አንተ ልጅ!» ብለው ሲጮኹ ወታደሮቹ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘውታል። ካፒታኑ እየጮኸ አንድ ሰው የጥሩወርቅን ገመድ እንዲፈታ አዘዘ፤ ያንኑ ገመድ ለወርቁ አደረጉለት። ባላምባራስ መሬቱን በከዘራቸው ደበደቡት። ሁለት ቀን የለፉበት እውነትም፣ ለዚህች ሰዓት ያዘጋጁት ውሸትም ከእጃቸው ወጣ፤ የቀራቸው ጉልበታቸው ብቻ ነው።

ወርቁን በጥሩወርቅ ፊት ሲያሳልፉት ቆመ። ወታደሮቹ ገፉት፤ አልተንቀሳቀሰም።

«አላወቅሁም» አላት። «ይበላል ብዬ አላሰብኩም።»

ጥሩወርቅ ገመዱ የሸነተረውን እጇን እያሻሸች አየችው። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ካንተ ነበር የሚደበቀው» አለችው። «‹ወርቁ እንዳያየኝ› ይል ነበር። ባያፍርህ ኖሮ ጠርቶ ሲበላ ያሳይህ ነበር፤ አንተም ከእጁ ትነጥቀው ነበር።»

ወርቁ ወታደሮቹ ሳይጎትቱት ራሱ ወደ ገበያው መሄድ ጀመረ።